የእከክ ኪኒን ሁለተኛው ዙር አይቅር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

«ኪኒኑን ወስጄ እከኩ ተመለሰብኝ» የሚሉ ታካሚዎች ብዙ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ከአወሳሰዱ ነው።

አይቨርሜክቲን የተባለው ይህ ኪኒን እከክ የሚያመጣውን ተባይ እንጂ ተባዩ ቆዳ ውስጥ የጣለውን እንቁላል አይገድልም። እንቁላሉ በሦስት በአራት ቀን ይፈለፈላል። ስለዚህ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ሁለተኛው ዙር ካልተደገመ የመጀመሪያው ልፋት ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው። መጠኑ በኪሎ 200 ማይክሮግራም ነው፤ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ባለ 3 ሚሊግራሙን 4 ፍሬ በአንዴ፣ ከምግብ ጋር ይውጣል። የአንድ ሰው መጠን ለቤተሰብ ሲከፋፈል ማንም አይድንም። ለከብት የተሠራውን ግን አደራ፣ ለሰው አታውሉት!

ከ15 ኪሎ በታች ለሆነ ልጅና ለነፍሰ ጡር ኪኒኑ አይሰጥም። ለእነሱ 5 በመቶ ፐርሜትሪን ቅባት አለ፤ ሁለት ወር ላልሞላው ጨቅላ ደግሞ የድኝ ቅባት። ፐርሜትሪን ማታ ከአንገት እስከ እግር ጥፍር፣ ለሕፃናት ደግሞ ራስና ፊትም ጭምር (ዓይንና አፍ ሳይነካ) ይቀባል፤ ጣት መሃል፣ ጥፍር ሥር፣ ብብት፣ እምብርትና ብልት አካባቢ ሳይዘለል። ከ8 እስከ 14 ሰዓት ቆይቶ ይታጠባል፣ በሳምንቱ ይደገማል። በመሃል እጁን የታጠበ ሰው እጁን እንደገና ይቀባ። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ የተያዘ ሰው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ላያሳክከው ይችላል፤ እያስተላለፈ ግን ነው። ስለዚህ የሚያከውም የማያከውም የቤቱ ሰው በአንድ ቀን ይታከም። ልብስና አንሶላ በሙቅ ውኃ ይታጠብ፤ የማይታጠበው ፌስታል ውስጥ ታስሮ 3 ቀን ይቆይ። ከሕክምና በኋላ ማሳከኩ እስከ 4 ሳምንት ሊቀጥል ይችላል፤ መድኃኒት ደጋግሞ መቀባት ቆዳውን ያቃጥላል እንጂ አይጠቅምም። አዲስ ሽፍታ ከወጣ ግን ወደ ጤና ጣቢያ መመለስ ነው።

ከአዲሶቹ ስፒኖሳድ የተባለው የሚቀባ መድኃኒት በ2021 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ለእከክ ተፈቅዷል፤ ዕድሜያቸው 4 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ፣ አንዴ ተቀብቶ ቢያንስ 6 ሰዓት ይቆያል። ሞክሲዴክቲን የተባለው ሌላው መድኃኒት ደግሞ ሰውነት ውስጥ ለሳምንታት ስለሚቆይ በአንድ ዙር ይበቃ እንደሆነ እየተጠና ነው። ተስፋ አላቸው። እስኪደርሱን ግን አይቨርሜክቲን በየጤና ኬላው ለሙሉ ቤተሰብ፣ ለሁለት ዙር ተቆጥሮ ይቅረብ። መድኃኒት የሚያድሉ ባለሙያዎችም የሁለተኛውን ዙር ቀን ፖስታው ላይ ጽፈው ይስጡ።

ከጤና ባለሙያዎች