ሃሌ ሉያ የሚል ሰይጣን አምላኪ?

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰሞኑን ስለ አውሮፓውያኑ የዘፈን ውድድር፣ ስለ ዩሮቪዥን፣ አወዛጋቢ ዘፈኖች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። «ሃርድ ሮክ ሃሌ ሉያ» ጋ ስትደርሱ የፊንላንዱን ባንድ ሎርዲን «ሰይጣን አምላኪዎቹ» ብላችሁ አለፋችሁ። ከየት አመጣችሁት?

በፈረንጆቹ 2006 ውድድሩ በተካሄደባት በግሪክም በፊንላንድም የተቆጣ ሃይማኖተኛ ነበር። አልክድም። ቀንድና ጥፍር ያለው ጭራቅ መድረክ ላይ ሲያጓራ እኔም ደንግጫለሁ። ግን የተቆጡት ያሉትን መዘገብና በራስ አፍ መፍረድ ይለያያል። ባንዱ ክሱን አስተባብሏል። እንዲያውም ቀደም ብለው ያወጡት አንድ ዘፈን ርዕሱ «ዲያብሎስ ተሸናፊ ነው» የሚል ነው። እንዲህ ከሚያመልኩትስ ቢተዉት ይሻለው ነበር። የጭራቅ ጭንብሉን ደግሞ ዘፋኙ በገዛ እጁ ነው የሚሠራው። አገሩም ሮቫኒየሚ ነው፣ ፈረንጆቹ የገና አባት ከተማ የሚሏት።

እኔ ያኔ ሄልሲንኪ ነበርኩ። ፊንላንድ ከፈረንጆቹ 1961 ጀምሮ ስትወዳደር ስንቴ ውራ ወጥታለች። አቴንስ ላይ በዚሁ ዘፈን በ292 ነጥብ አንደኛ ስትሆን ሕዝቡ አበደ። በስድስተኛው ቀን የገበያ አደባባዩ ላይ 80 ሺህ ያህል ሰው ወጥቶ ዘፈኑን አብሮ ዘፈነ። አንዲት የማላውቃቸው አሮጊት እጄን ይዘው አዘለሉኝ። ፊንላንዳዊ የማያውቀውን ሰው እጅ ሲይዝ ማየት፣ እመኑኝ፣ ከቀንዱ በላይ ያስደነግጣል። እዚህ የምንኖር ሐበሾች አለን እኮ። አንዳችንን ደውሎ መጠየቅ ምን ይከብዳል?

ይሄን ያህል ምን አንገበገበህ ትሉ ይሆናል። ጽሑፋችሁን የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ ላለችው እናቴ አነበበላት። በማግስቱ ደወለች። «አንተ ልጅ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ሰይጣን በሚዘፈንለት አገር ነው የኖርከው?» ባስረዳት፣ ባስረዳት፣ ወይ ፍንክች። «ጋዜጣው ይዋሻል?» አለችኝ። ምን ልበላት?

ባለፈው ሳምንት በመንገደኛ አንድ ሃይላንድ ጸበልና በወረቀት የተቋጠረ እምነት ላከችልኝ። እምነቱን ተቀባሁ፤ የእናት ነው፣ እንቢ አይባልም። ጸበሉ ግን መንገድ ላይ ፈስሶ የመንገደኛውን ሁለት ኪሎ ሽሮ ሻንጣው ውስጥ አቡክቶታል።

እርማቱን አውጡ። ሽሮውን እኔ እተካለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከሄልሲንኪ