አባዬ፣ አንድ ነጥብ አስጥለኸኛል

ይድረስ ለአባዬ፣

እንዴት ነህ? ዓይንህስ? ጠብታውን በሰዓቱ አያደርግም ብላ እማዬ ነግራኛለች። ስለሱ ሌላ ቀን እንነጋገራለን። ዛሬ የምጽፍልህ ክስ ይዤ ነው።

ሐሙስ ሐሙስ ማታ ከሥራ ልጆች ጋር የድሮ ፊልም ጥያቄና መልስ እንደምንጫወት ነግሬህ የለ? እዚሁ ሎስ አንጀለስ፣ ከፌርፋክስ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ብዙም የማይርቅ አንድ ባር ውስጥ ነው። ጠያቂው ማይክ ይዞ ይቆማል። እያንዳንዱ ጠረጴዛ አንድ ቡድን ነው፣ መልሱ ወረቀት ላይ ተጽፎ ይሰጣል። ስልኩን የነካ ከዙሩ ይባረራል። ቀልድ እንዳይመስልህ። አጠገባችን የሚቀመጡት ጡረተኞች የፊልሙን ዓመትና ዳይሬክተር ብቻ ሳይሆን ልብሱን ያዘጋጀችውን ሴትዮ ስም ሳይቀር በቃላቸው ይዘውታል።

ባለፈው ሳምንት ካዛብላንካ መጣ። ኢንግሪድ በርግማን ያንን ዘፈን እንዲጫወትላት ፒያኖ ተጫዋቹን ሳምን ስትጠይቀው ምን ትለዋለች? ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። ይሄማ የአባዬ ነው! ሬዲዮ እንድከፍትልህ በፈለግህ ቁጥር "ፕሌይ ኢት አጌይን፣ ሳም" እያልክ አይደል ያሳደግኸኝ? ያንኑ ጻፍኩ። ወደቅኩ። ፊልሙ ውስጥ እንዲህ የሚል ሰው የለም አባዬ። እሷ የምትለው "ፕሌይ ኢት፣ ሳም" ነው፤ ሃምፍሬይ ቦጋርትም በኋላ ሲቆጣ "ተጫወተው" ይላል እንጂ "ድገመው" አይልም። "አጌይን" የምትለዋን ሰው ከራሱ የጨመራት ናት። ይባስ ብሎ ሳምን ሆኖ የሠራው ዱሊ ዊልሰን ፒያኖ አይችልም ነበር። ከበሮ መቺ ነው። እሱ ጣቱን ሲያንቀሳቅስ ከካሜራው ውጭ ሌላ ሰው ይጫወትለት ነበር። እኔ ደግሞ በልጅነቴ አንተ እራት ጠረጴዛ ላይ ጣቶችህን እንደሱ ስታርመሰምስ ፒያኖ የምትችል ይመስለኝ ነበር። ሁለታችሁም ሸውዳችሁኛል።

ግን አልዋሽም፣ ሌላ ነጥብ ያስገኘኸኝም አንተው ነህ። ሦስተኛው ዙር ላይ "ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ" የሚያልቀው በምን ቃል ነው ተባለ። ሰው ሁሉ ክላርክ ጌብል በር ላይ ቆሞ "ግድ የለኝም" የሚላትን ጻፈ። እኔ ዓይኔ ላይ ድቅን ያለው ግን ሳሎን መደርደሪያህ ላይ ያለው ጠርዙ የተበላ የዚሁ ታሪክ መጽሐፍ ነው፣ ነቢይ መኮንን በደርግ ጊዜ እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ወረቀት ላይ እየጻፈ የተረጎመው፣ ሰው ሊዋስህ ሲመጣ ስሙን መዝግበህ የምታውሰው። ርዕሱ ራሱ መልሱ ነው፦ "ነገም ሌላ ቀን ነው"። ወደ እንግሊዝኛ መልሼ ጻፍኩት። ጡረተኞቹ ዞረው አዩኝ። ከየት እንዳመጣሁት ላስረዳ ብል ሌሊቱም አይበቃኝ።

ስለዚሁ ፊልም የተጠየቀ ሌላ ጥያቄ ግን ቤት ከገባሁም በኋላ አልለቀቀኝም። ኦስካር ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሃቲ ማክዳንኤል ናት፣ እ.ኤ.አ. በ1940። ሽልማቱ የተሰጠው እዚሁ ከተማ፣ አምባሳደር ሆቴል ነበር። ሆቴሉ ጥቁር አያስገባም። ፕሮዲዩሰሩ አማልዶ ነው ያስገባት፣ ከገባችም በኋላ ከባልደረቦቿ ተለይታ ግድግዳ ጥግ አንዲት ትንሽ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጧት። አምባሳደር ሲባል እኔ የማውቀው ያንተን ነው፣ እሑድ ከሰዓት ሰልፍ የምትጋፋበትን ሲኒማ። የእነሱ ፈርሶ አሁን ቦታው ላይ ትምህርት ቤት አለ።

አንድ ልጨምርልህ። "አክተሩ አይሞትም" እያልክ አሳድገኸናል። ዳይሬክተሩ ሂችኮክ ግን "ሳይኮ" ላይ ዋናዋን ተዋናይት ፊልሙ ገና ሳይጋመስ ገደላት! ለዚህ ነው በ1960 ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ ሰው እንዳይገባ ያስከለከለው፤ አርፍዶ የገባ ሰው እሷን ሲጠብቅ ይቀራላ። ደሙ የቸኮሌት ሽሮፕ ነው። ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ማን ያውቃል።

እና ሥራ ልሰጥህ ነው። በሚቀጥለው ሐሙስ ጥያቄ የማውጣት ተራው የኛ ጠረጴዛ ነው። አሥር ጥያቄ አዘጋጅልኝ። የካውቦይ ቢሆን ደስ ይለኛል፣ ዩል ብራይነርና ጋሪ ኩፐር ላይ ማንም አይችልህም። አትጻፈው፣ ዓይንህን አታድክም፤ በድምፅ ቅዳና በቴሌግራም ላክልኝ። ጨዋታው የሚጀመረው እናንተ ጋ ዓርብ ሊነጋ ሲል ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው፣ አንተ ለኪዳን ስትነሳ ማለት ነው።

መልሶቹን ግን ከእማዬ ጋር አመሳክር። አምባሳደር አብራህ ትገባ ነበር፤ ያውም አንተን እንቅልፍ ሲጥልህ ፊልሙን ጨርሳ የምታየው እሷ ናት አሉ።

ልጅህ