ግትር እግር በጉልበት አይፈታም

ለዝግጅት ክፍሉ፦

በጤና ዓምዳችሁ ስለ ጡንቻ አሠራር ያወጣችሁትን ጽሑፍ እዚህ ደሴ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር አነበብነው። ካልሲየም ሲለቀቅ አክቲንና ማዮሲን የተባሉት ፕሮቲኖች እየተያያዙ አንዱ በሌላው ላይ እንደሚንሸራተቱ፣ ጡንቻውም በዚህ እንደሚያጥር ጥሩ አድርጋችሁ አስረድታችኋል። ግን ጽሑፉ እዚያው ጡንቻው ላይ ቀረ። እኔ ጋ የሚመጡት የብዙዎቹ ችግር ከጡንቻው በላይ፣ ነርቩ ላይ ነው። ለእነሱና ለቤተሰቦቻቸው ስል ትንሽ ልጨምር።

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ ያደግሁት ደላንታ ነው። ከ1987 እስከ 1989 ዓ.ም. ደላንታና ዳውንት ላይ ጓያ የብዙ ሰው እግር ሲሰብር ልጅ ነበርኩ። ዝናብ ጠፍቶ ሌላው እህል ሲከዳ ጓያ አይሞትም። ሰውም እሱኑ ቆሎ፣ ንፍሮ፣ እሸት እያደረገ ከረመ። በኋላ ሲጠና ከወጥና ከቂጣው ይልቅ አደገኛ ሆነው የተገኙት እነዚሁ ናቸው። ይበልጥ የተጎዱትም ወንዶች ልጆችና ወጣቶች ነበሩ። ያኔ "የጓያ እንፋሎት መታው" ይባል ነበር፤ አሁንም የሚል አለ። እንፋሎቱ አይደለም። ፍሬው ውስጥ ኦዳፕ የሚባል መርዝ አለ። ከአንጎል ወደ እግር ትእዛዝ የሚያወርዱትን ነርቮች የሚጎዳው እሱ ነው።

ቤተሰብ እንዲያውቅልኝ የምፈልገው ይህን ነው። ጓያ የጎዳው እግር አልሰለለም። ጡንቻው ሕያው ነው፤ እንዲያውም ያለ ልክ እየሠራ ነው። ጡንቻ ውስጥ መለጠጡን የሚከታተሉ ጥቃቅን የስሜት አካላት አሉ። ጡንቻው ድንገት ሲሳብ ለህብለ ሰረሰር ይነግራሉ። ህብለ ሰረሰርም አንጎልን ሳይጠብቅ እንዲኮማተር ያዘዋል። ሐኪም ጉልበታችሁን በትንሽ መዶሻ ነካ ሲያደርግ እግራችሁ የሚወረወረው በዚህ ምክንያት ነው። ጤነኛ ሰው ላይ አንጎል ይህን ምላሽ በልኩ ይይዘዋል። ከላይ የሚወርደው ነርቭ ሲጎዳ ግን ፍሬኑ ይለቃል። ባቱ ይገተራል፣ ተረከዙ መሬት አይነካም፣ ሲራመድ ጭኖቹ ይጠላለፋሉ። እንግሊዛዊው የነርቭ ተመራማሪ ሸሪንግተን በ1898 እ.ኤ.አ. ይህን በድመት ላይ አሳይቷል። የአንጎሏን ግንድ ሲቆርጠው እግሮቿ ደርቀው ተገተሩ። ከአንዱ እግር ወደ ህብለ ሰረሰር የሚገባውን የስሜት ነርቭ ሲቆርጥ ደግሞ ያ እግር ላላ። ግትርነቱ የሚመላለስ መልእክት እንጂ የደረቀ ሥጋ አልነበረም።

እግሩን በኃይል መጎተት የማይረዳው ለዚህ ነው። በፈጠናችሁ ቁጥር ጡንቻው ይብስ ይታገላል። ክረምት ላይ አንድ ገበሬ ወንድሙ ይዞት መጣ። ዘመድ ተሰብስቦ ይዞት፣ አንድ ወጌሻ "ላፍታታው" ብሎ ጎትቶታል። ጉልበቱ አብጦ ነበር። ያደረጉት በፍቅር ነው፤ ያ ነው ይበልጥ ያሳዘነኝ።

እንዲህ አድርጉ። ሰውየውን አስተኙት። ጉልበቱ ቀጥ ይበል። ተረከዙን በመዳፋችሁ ያዙና የእግሩን ፊት ቀስ እያላችሁ ወደ እሱ አቅጣጫ ግፉት። እግሩ መንቀጥቀጥ ከጀመረ አትታገሉት፤ ባለበት ያዙትና ጠብቁ። ሲላላ ትንሽ ጨምሩ፣ ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ ያህል ያዙ። ጠዋትና ማታ፣ ሳትሰለቹ። ስትሮክ ለመታው ሰው ክንድም መንገዱ ያው ነው፦ ቀስ ማለት። የተጎዳውን ነርቭ አይመልሰውም። ባቱ በዚያው አጥሮ እንዳይቀር ግን ይረዳል።

መድኃኒትም አለ። ለምሳሌ ባክሎፌን ህብለ ሰረሰር ላይ ሠርቶ ያንን ምላሽ ያበርዳል። ግን እባካችሁ ከጎረቤት ተቀብላችሁ አትስጡ። አንዳንዱ ታካሚ ቆሞ የሚሄደው በዚያው ግትርነቱ ነው። መድኃኒቱ ሲበዛ ጉልበቱ ይከዳውና ይወድቃል። ሐኪሙ መጠኑን ከመወሰኑ በፊት ሲራመድ ሊያየው ይገባል። ስለዚህ ወደ ክሊኒክ ስትወስዱት ምርኩዙንም ያዙለት።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ፊዚዮቴራፒስት፣ ከደሴ