የጀበናዋ እጀታ

ይድረስ ለውዷ ልጄ፣

እንዴት ከርመሻል የኔ ዓለም? እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷ ትንሽ ያስቸግራታል እንጂ ሌላ የለም። ሐርቡ ያው ሙቀቷ ነው።

ባለፈው ስትደውዪ «አባዬ፣ እኔ የማጠናው ድንጋይ ላንተ ማሽላ ምን ይፈይዳል?» ብለሽ ስቀሽ ዘጋሽው። ሳቁ የሳቅ አልመሰለኝም። በማግስቱ ደግሞ ፊዚክሱን ትተሽ ወደ ዕፅዋት ሥር ጥናት ልትዞሪ እንዳሰብሽ ከወንድምሽ ሰማሁ። እኛ ቤት ምስጢር አይቀመጥ፣ ታውቂያለሽ። በስልክ እንዳላወራሽ ኔትወርኩ ይቆራረጣል። እንደ ድሮው ልጽፍልሽ ቁጭ አልኩ።

መጀመሪያ ማሳውን ልንገርሽ። ከወንዙ ወዲህ ያለውን ቁራሽ ዘንድሮም ያ የማሽላ ሥር ላይ ተጣብቆ የሚኖር አረም፣ አቀንጭራ፣ ወሮታል። ትናንት ጠዋት ገብቼ አየሁት። አበባው ሸጋ ነው፤ ለማያውቀው ሰርግ ቤት ይመስላል። ከጎኑ ያለው ማሽላ ግን ጉልበቴን እንኳ አላለፈም። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ቅጠሉ ድርቅ እንደመታው ጠውልጓል። አንዱን ከነሥሩ ነቀልኩና አፈሩን በጣቴ አራገፍኩ። አቀንጭራው እናቱን እንዳገኘ ጥጃ የማሽላውን ሥር ሙጭጭ ብሎ ይዞታል። አሁን ቢታረምም አበባው ብቅ ባለበት ሰዓት ዋናው ጉዳት ከመሬት በታች ተፈጽሟል።

የሚገርመኝ፣ ማሽላው ራሱ ነው የጠራው። አፈሩ ፎስፈረስ ሲያጥረው የማሽላ ሥር ስትራይጎላክቶን የሚባል ሆርሞን ወደ አፈር ያወጣል። መጠኑ ኢምንት ነው። ጥሪው ለአቀንጭራ አልነበረም፤ ለፈንገስ ነው። ፈንገሱ ፎስፈረስ ያመጣለታል፣ ማሽላው ደግሞ ስኳር ይሰጠዋል። ወንፈል በይው። የአቀንጭራ ዘር እንደ አቧራ የደቀቀ ነው፤ አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ መተኛት ይችላል። ያ ጥሪ ከቅርብ፣ ከጥቂት ሚሊ ሜትር ርቀት ካልደረሰው አይበቅልም። ከደረሰው ይነቃል። ወንፈል ሲጠራ ሌባውም ሰማ ማለት ነው።

ከነዚህ ኬሚካሎች የመጀመሪያው፣ ስትራይጎል፣ ከጥጥ ሥር ተለይቶ የወጣው በፈረንጆቹ 1966 ነው። ያኔ ነገሩ ሁሉ የአረም ጉዳይ ነበር፤ ተክል ጠላቱን ለምን እንደሚጠራ ግልጽ አልነበረም። የፈንገሱ ነገር የተገለጠው በ2005 ነው፣ ከ39 ዓመት በኋላ። በ2008 ደግሞ ያው የኬሚካል ወገን ተክሉ ቅርንጫፍ እንዳያበዛ የሚቆጣጠር ሆርሞን ሆኖ ተገኘ።

ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ወስደዋል። እኛ አገር ከገቡት ዝርያዎች ሁለቱ ጎብዬ እና አብሽር ይባላሉ። ጎብዬ ከወልድያ ወደ ቆቦ ስትሄጂ የምታልፊያት ከተማም ናት። አብሽርን ለወሎ ልጅ አልተረጉምም። እነዚህ ማሽላዎች መርዝ የላቸውም፤ ሥራቸው አቀንጭራን የሚቀሰቅሰውን ነገር እምብዛም አያወጣም። በ2017 የወጣ ጥናት ደግሞ በአንዳንድ ዝርያዎች አንድ ጂን ሲጎድል ምን እንደሚሆን አሳየ። ሥሩ ዝም አይልም። የሚያወጣው ሞለኪዩል ግን አቀማመጡ ዞሮ ይወጣል፤ ያን ጥሪ አቀንጭራ ብዙም አይሰማውም።

አየሽ፣ የቅርጽ ነገር ነው። ቅርጽ ደግሞ ያንቺ ሙያ ነው።

ስለምታጠኚው ድንጋይ፣ ቶፖሎጂካል ኢንሱሌተር ስለምትይው፣ ያስረዳሽኝን አልረሳሁም። አንዱ፣ ቢስመዝ ሴሌናይድ የሚባለው፣ ውስጡ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፣ ገጹ ግን ያሳልፋል። እኔ «እንደ ድፎ ዳቦ ነዋ፣ ቅርፊቱ ሌላ ውስጡ ሌላ» አልኩሽ። አንቺ «አይ አባዬ፣ ድፎ ሲቆረጥ ነጩ ይታያል። ይኼን ብትቆርጠው የተቆረጠው ፊት ራሱ ቅርፊት ይሆናል» አልሽኝ። እንቅልፍ ነሳኝ። ቅርፊቱ የተቀባ ነገር አይደለማ! ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች ካላቸው ሥርዓት የሚመጣ ነው። ገጹ ላይ የሚሄደው ኤሌክትሮን ስፒኑ፣ እንደ ትንሽ ማግኔት የሚያደርገው ባሕርዩ፣ ከአካሄዱ ጋር የተቆራኘ ስለሆነ፣ ማግኔትነት የሌለው እንከን ቢያጋጥመው ቀጥ ብሎ ወደ መጣበት አይመለስም አልሽ። ይህን ስትነግሪኝ ቡናሽ ቀዝቅዞ ነበር። ስለ ሥር አውርተሽ ቡና ሲቀዘቅዝብሽ አላየሁም። በ2005 በወረቀት ላይ የነበረው ሐሳብ በ2007 ጀርመን፣ ቩርዝቡርግ ውስጥ በሙከራ ታየ ብለሽኛል። የኛ ሥር 39 ዓመት ነው ያስጠበቀው!

ስለዚህ ለማሳው ብለሽ ከሆነ አብሽሪ። ማሳው ባለቤት አለው። ለከርሞ ፍግ እጨምርበታለሁ፣ ማሾ አፈራርቅበታለሁ፣ ዘሩንም አፈላልጋለሁ። ልብሽ እውነት ወደ ሥር ከዞረ ግን ሌላ ነገር ነው። ያኔ መጥተሽ አብረን እንነቅላለን፤ ወገብሽ ከቻለ።

ሌላው፣ ቶፖሎጂ ሳይቀደድና ሳይቀጠል የሚለዋወጥ ቅርጽ ጥናት ነው፣ ሲኒና ቀለበት በሱ አንድ ናቸው፣ ሁለቱም አንድ ቀዳዳ አላቸው ያልሽኝ ትዝ ይልሻል? እሱ እጀታ ላለው የፈረንጅ ሲኒ ነው፤ የኛ ሲኒ እጀታ የለው፣ የኛ ቀለበት ጀበናዋ ናት ብዬሽ ስቀን ነበር። እንግዲህ ዓርብ ዕለት የእናትሽ ጀበና እጀታዋ ተሰበረ። አሁን አንገቷን በጨርቅ ይዛ ነው የምትቀዳው። ባንቺ ሒሳብ ሲኒ ሆነች ማለት ነው? እናትሽ ግን አልተቀበለችም። ስትመጪ ከኮምቦልቻ አዲስ ጀበና ይዘሽ ነይ ብላለች።

አባትሽ