የሌላ ሰው ልጅ ያሳደጉትንም እንጻፋቸው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ወደ እስራኤል ለመግባት ሲሉ በሱዳን መንገድ ስላለቁት ቤተ እስራኤል (ኢትዮጵያውያን አይሁድ) ወገኖቻችን ያወጣችሁትን አነበብኩ። ጥሩ ነው። ግን ሁሌም አንድ ነገር ይጎድላል። ወደ 4 ሺህ ሰው አለቀ እንላለን፣ በኢየሩሳሌም ቀን መታሰቢያቸው ያለበት ሄርጽል ተራራ ወጥተን እናለቅሳለን። የሞቱት ሰዎች ልጆችስ? ማን አሳደጋቸው?

የእኛን ቤት ልንገራችሁ። አያቴ ከጎንደር፣ ከወገራ የተነሳችው አራት ልጆቿን ይዛ ነው። ሱዳን ውስጥ ኡም ራኩባ የስደተኞች ካምፕ ጎረቤቷ በበሽታ ሞተች፣ የሴትየዋ ባል ቀድሞ መንገድ ላይ ቀርቷል፣ ሁለት ሕፃናት ሜዳ ላይ ቀሩ። ወሰደቻቸው በቃ። በኋላ ስንጠይቃት "ታዲያ ምን ላደርግ ኖሯል?" ትለን ነበር፣ ወሬውም እዚያ ያልቃል። በ1984 መጨረሻ ከሱዳን በአውሮፕላን ባጓጓዘው በሙሴ ዘመቻ እስራኤል ስትገባ መዝጋቢው ስድስቱንም የእሷ ልጆች አድርጎ በአንድ የቤተሰብ ስም ጻፋቸው። እንዳይለያዩባት ዝም አለች።

ቤት ውስጥ ግን ዝም አላለችም። ሁለቱን ልጆች የወላጆቻቸውን ዘር እስከ ሰባት ቤት ታስቆጥራቸው ነበር፣ ነገ ሳያውቁ ዘመዳቸውን እንዳያገቡ፣ እናት አባታቸውም እንዳይረሱ። ልጆቹን ከማሳደጓ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው። እንደ ልጇ እየወደደቻቸው የወለደቻችሁ ሌላ ናት ማለት፣ ያውም በየጊዜው! በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ከ14 ሺህ በላይ ሰው በ36 ሰዓት ሲገባ አጎታቸው አብሮ መጣ። ዘር ሲቆጥሩ ዝምድናቸው ተገናኘ። ከዚያ በኋላ አያቴ በጽዳት ሥራ ከምታገኘው ላይ ለአጎትየው ቤተሰብም ብርድ ልብስ ትገዛ ነበር፣ ለሰንበት ዳቦ ስትጋግርም ለእነሱ አንድ ትጨምራለች።

ባለፈው ዓመት ዐረፈች። ተዝካሯን እኛ ነን የምናወጣው ብለው ድርቅ ያሉት እነዚያ ሁለቱ ናቸው። ከአጎቶቼ ጋር ትንሽ ተጨቃጨቁበት፣ በመጨረሻ ግን እነሱ አወጡት።

እና ጥያቄዬ ይሄ ነው። ጋዜጣችሁ ከሲግድ በዓላችን በፊት አንድ ትንሽ ዓምድ ይክፈት፣ የማን ልጅ በማን እጅ እንዳደገ የሚጻፍበት። ቀሶቹን፣ የሃይማኖት አባቶቻችንን፣ ጠይቁ፣ ብዙ ያውቃሉ። አረጋውያኑ በሕይወት ሳሉ ድምፃቸው ይቀዳ። የአያቴን እኔ ቀድቻለሁ፣ ከፈለጋችሁ እልካለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከነታንያ