የጨጓራ ሽሮፕና የኤችአይቪ መድኃኒት

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ድሬ ላይ ጨጓራውን የማያመው ሰው ጥቂት ነው፤ ጫቱ አለ፣ በርበሬው አለ። ከዚራም ሆነ መጋላ ጎራ ብሎ ሽሮፕ መግዛት ቀላል ነው። «ሌላ የምትወስደው መድኃኒት አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አላጋጠመኝም።

ዶሉቴግራቪር ያለበትን የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው፣ ኪኒኑን ከሽሮፑ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ቆይቶ መዋጥ አለበት። በሽሮፑ ያለው አሉሚኒየምና ማግኒዚየም መድኃኒቱን አንቆ ይይዘዋል፤ ወደ ደም በደንብ አይገባም። ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው የአይረን ኪኒንም ያው ነው፤ እሱ እንኳ ከምግብ ጋር ከሆነ አብሮ ይዋጣል።

ወረፋ ፊት «ቫይረሱ አለብኝ» በሉ ማለት አይቻልም (ድሬ ደግሞ ሁሉም ይተዋወቃል)። ፋርማሲስቶቻችን ሳይጠየቁ ለሽሮፕ ገዢ ሁሉ ሰዓቱን ቢነግሩስ?

አንድ አንባቢ፣ ከድሬዳዋ