የቅዳሜው የአሳ ቆጠራ

ውድ አባላት፣

ቅዳሜ በቦርከና ገባር ጅረት ላይ አሳ እንቆጥራለን። ጠዋት 1 ሰዓት ኮምቦልቻ መናኸሪያ በር ላይ እንገናኝ። ፀሐይ ከበረታች በባልዲው ውሃ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ስለሚቀንስ አሳው ይታፈናል፤ ስለዚህ ማርፈድ አይፈቀድም።

የምንሠራበትን ቦታ ላይና ታች በመረብ ዘግተን ከታች ወደ ላይ እንወጣለን፤ ከላይ ከተጀመረ ያደፈረስነው ውሃ ይከተለናል። አምባዛ ለመለየት አያስቸግርም። ከአፋቸው ሥር ባለው መምጠጫ ድንጋይ ላይ የሚጣበቁት ሌሎቹ ትንንሽ አሳዎች ግን በቀላሉ ያመልጣሉና ድንጋዩን እያነሳችሁ ፈልጉ። አሳ በደረቅ እጅ አይነካም፤ ልጋጉ ይገፈፋል። ርዝመቱ ተለክቶ ወዲያው ይለቀቃል።

ቢልሃርዝያ ስለሚያሰጋ ረጅም የጎማ ቦት ጫማ ግዴታ ነው። ባልዲ፣ ማስመሪያና እርሳስ ያላችሁ አምጡ፤ እስክሪብቶ ውሃ ሲነካው ይፈስሳል።

የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ አሳውቁን፤ ቦት ጫማ የሌላችሁ የጫማ ቁጥራችሁን ጻፉ።